የአፈር ውሃን ናሙና የመውሰድ ዘዴዎችና አስተማማኝነታቸው፦ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና መሬት አንጻር

እንደሚታወቀው ከሚዛን ተፈሪ እስከ በበቃና እስከ ቴፒ የተዘረጋው የቡና መሬት በብዛት ቀይ፣ ጥልቅና ሸክላማ አፈር ነው፤ የአፈር ሊቃውንት ኒቲሶል ይሉታል። በዚህ አፈር ውስጥ ያለው ውሃ ምን ያህል እንደ ሆነና ምን እንደ ሟሟበት ማወቅ ለማዳበሪያ ዕቅድም፣ ለምንጮች ንጽሕናም መሠረት ነው።

ጥንታዊው ዘዴ አፈሩን በመሰርሰሪያ አውጥቶ መመዘን፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ያህል አድርቆ ዳግመኛ መመዘን ነው። የሌሎቹ ዘዴዎች መፈተኛ ዛሬም ይኸው ነው። ነገር ግን ክዳኑ ያልገጠመ ቆርቆሮ ከቴፒ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1967 በጅማ አጠገብ በመልኮ ወደ ተቋቋመው የምርምር ማዕከል እስኪደርስ ከውሃው ከፊሉን በመንገድ ያስቀራል። በውሃው ውስጥ ስለ ሟሟው ነገርም ዘዴው አይናገርም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት አሜሪካውያኑ ብሪግስና ማክኮል እ.ኤ.አ. በ1904 ሰው ሠራሽ ሥር ያሉትን መሣሪያ አስተዋወቁ። ይኸውም አየሩ ሲወጣለት ከዙሪያው አፈር ውሃ የሚስብ፣ ረቂቅ ቀዳዳዎች ያሉት ሸክላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ግን ሃንሰንና ሃሪስ ሸክላው ራሱና የአሳሳቡ ሁኔታ የናሙናውን ይዘት እንደሚለውጡ አመለከቱ። ሸክላ ፎስፌትን ይይዛል፤ ኒቲሶልም እንዲሁ። ስለዚህ በጠብታው ውስጥ ፎስፎረስ ቢያንስ ጉድለቱ የአፈሩ ይሁን የመሣሪያው መለየት ያስቸግራል።

ከዚህ የከበደው የስበቱ ወሰን ነው። ተክል የሚጠወልግበት ወሰን በተለምዶ 1,500 ኪሎፓስካል ተብሎ ሲወሰድ፣ ሸክላው ከአየር ግፊት በላይ ሊስብ አይችልም። ይህ ግፊት በባሕር ጠረፍ 100 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ሚዛን ተፈሪ ወደ 85 ይወርዳል። (የመሣሪያው መመሪያ የሚጻፈው ለቆላ ይመስላል!) በመሆኑም በጥርና በየካቲት፣ ቡናው ተጠምቶ የአበባውን ዝናብ በሚጠብቅበት ወቅት፣ ሥሩ ገና ውሃ እያገኘ ሸክላው ባዶ ይሆናል። «የዓመቱ አማካይ» ተብሎ ለዕቅድ አውጪ የሚቀርበው ቁጥር እንግዲህ በእውነቱ የክረምቱ አማካይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ቶፕና ባልደረቦቹ በኤሌክትሪክ ሞገድ እርጥበት የሚለካበትን ቀመር አወጡ። ቀመሩ የተፈተነው በካናዳ ስለ ሆነ፣ ለቀዩ አፈር ከመዋሉ በፊት በዚያው ሥፍራ በሚዛንና በምድጃ መፈተሽ ይኖርበታል፤ ይህንንም ሥራ ምድጃና ደኅና ሚዛን ያለው ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊጀምረው ይችላል።