የቤት ኮምፒውተር ጸረ ቫይረስና ጸረ ስለላ (በመንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ)

ኮምፒውተርን ከሚያበላሹና ከሚሰልሉ ፕሮግራሞች የሚጠብቅ ሶፍትዌር። እንደ መሐል ሜዳ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ባሉ ከተሞች ምርጫውን የሚወስነው ከዋጋው ይልቅ ኢንተርኔት በሌለበት መታደስ መቻሉ ነው።

በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው «ሾርትከት ቫይረስ» በፍላሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቤት ይዛመታል። እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በስሙ አቋራጭ ያስቀምጣል፤ ሰው አቋራጩን ሲጫን ቫይረሱም ይነሳል። ፋይሉ ተደበቀ እንጂ አልጠፋም፤ ስለዚህ ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ። ስንት የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በዚህ ችኮላ ጠፍቷል!

ስለላው ሌላ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ዘገባ፣ ፊንስፓይ የተባለው ሰላይ ፕሮግራም የተቃዋሚው ቡድን የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ መሰራጨቱን ገልጿል። እንዲህ ያለው ተሰውሮ እንዲሠራ ስለሚዘጋጅ፣ ካልታወቀ ሰው የመጣን አባሪ አለመክፈት ከማንኛውም ሶፍትዌር ይቀድማል።

ለአብዛኛው ቤት ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር በነጻ የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ግን በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ማደሻ ለብቻው በፋይል ስለሚያወጣ፣ ኔትወርክ ካለበት አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። ሁለት ጸረ ቫይረስ ጎን ለጎን ማሠራት ማሽኑን ያዘገያል፤ እርስ በርስም ይጋጫሉ። «ክራክ» የተደረገ ጸረ ቫይረስ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሰባሪው ፕሮግራም ራሱ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይገባል።