የክፉ ቀን ጠመንጃ ዓይን

ጄምስ ቦንድን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። በ1963 በወጣው ሁለተኛ ፊልሙ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አለቆቹ አንድ ጥቁር የእጅ ቦርሳ ይሰጡታል። ከቦርሳው ውስጥ ተፈታቶ የታሸገ ጠመንጃ ይወጣል። ይገጣጠማል፣ በጨለማ ያሳያል የተባለ መነጽር ይጫንበታል፣ ከዚያ በኢስታንቡል ሌሊት በመስኮት ሊሾልክ የነበረ ሰው በአንድ ጥይት ይወድቃል።

ፊልም ነው፣ ይሁን። የሚገርመው ግን ጠመንጃው የእውነት መሆኑ ነው። አርማላይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1950ዎቹ መጨረሻ የሠራው ኤአር-7 ነው። ንድፉ በኋላ ለኤም-16 መሠረት የሆነውን ጠመንጃ የነደፈው የዩጂን ስቶነር ነው። አፈሙዙም ካዝናውም ተፈተው ሰደፉ ውስጥ ይገባሉ፣ ውኃ ላይ ቢወድቅም ይንሳፈፋል። መነጽሩ ግን የሲኒማው ጭማሪ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ማነጣጠሪያ ከኋላ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት፣ ከፊት ደግሞ አንዲት ጉብታ፣ በቃ።

ለምን? መነጽር ጠፍቶ ነው? አልነበረም። የዒላማ መነጽር ከዚያ መቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አገልግሏል። መልሱን ለማግኘት ጠመንጃው ለማን እንደታሰበ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እስኪ ከጀርመኖች እንጀምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አየር ኃይል በሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ ለሚበሩ ሠራተኞቹ ኤም-30 የተባለ ባለ ሦስት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ሰጠ። ሁለቱ አፈሙዞች የእርሳስ ፍሬ ይረጫሉ፣ ሦስተኛው ለትልቅ እንስሳ የሚሆን ጥይት ይተኩሳል። ዛወር የተባለው ፋብሪካ እንደ ጌጥ ነበር የሚሠራው። አንድ ብልሃት ግን ልብ በሉልኝ፦ ተኳሹ መምረጫዋን ወደ ጥይቱ አፈሙዝ ሲገፋት የኋላው ማነጣጠሪያ በራሱ ብድግ ይላል። ወደ እርሳስ ፍሬው ሲመልሳት ይተኛል። ከተሰበረ አውሮፕላን የወጣ ሰው ጭንቅላቱ ዞሮበታልና ብረቱ ራሱ ያስብለት ማለት ነው።

አሜሪካኖቹ ጌጡን ትተው ሐሳቡን ወሰዱ። በ1952 የወጣው ኤም-6 እንደ መቀስ ለሁለት የሚታጠፍ ቆርቆሮ ይመስላል። ላዩ ትንሽ ጥይት፣ ታቹ የእርሳስ ፍሬ ይተኩሳል። ቃታው ጣት የሚያስገባ ሳይሆን በመዳፍ የሚጨመቅ ረጅም ብረት ነው፤ ሰውየው በበረዶ መሐል ወፍራም ጓንት አጥልቆ ይሆናላ! ማነጣጠሪያውም በዚሁ መንፈስ ተሠራ፦ ከኋላ የምትገለበጥ አንዲት ብረት፣ በአንዱ ጎኗ ለጥይቱ የምትሆን ቀዳዳ፣ በሌላው ለእርሳስ ፍሬው የምትሆን ሰንጣቃ።

ስለ ቀዳዳዋ ጥቂት ልበል፤ ቀላል ነገር አይደለችም። በተለመደው የሰንጣቃ ማነጣጠሪያ ዓይን ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ማጥራት አለበት፦ የኋላውን ሰንጣቃ፣ የፊቱን ጉብታና ዒላማውን። የትኛውም የሰው ዓይን ይህን አይችልም። ቀዳዳ ሲሆን ግን አንዱ ሥራ ይቀራል። ዓይን ሳያስበው የቀዳዳውን መሐል ይፈልጋል፤ ተኳሹ ጉብታዋን ዒላማው ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ለልምድ የለሽ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ጉድለቱ ሲመሽ ይታያል፦ ጠባብ ቀዳዳ ብርሃን ይቀንሳል፣ አዳኝ ደግሞ እንስሳ የሚያገኘው ሲነጋና ሲመሽ ነው። ለዚህ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይመረጣል።

መነጽሩስ? በብርድ አገር ትንፋሽ ሲነካው ይደበዝዛል። ሲወድቅ ከመስመሩ ሊወጣ ይችላል። ዓይንን ከመስታወቱ በልኩ ማራቅ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ቦታ ይይዛል። ይህ ሁሉ ለምን ትርፍ? የኤአር-7 ዓይነት ትንሽ ጥይት ጥንቸል የሚጥለው በሃምሳ ሜትር ግድም ነው። በዚያ ርቀት ጥንቸሏ ለባዶ ዓይንም ትታያለች።

በ1965 ሶቪየቶቹ ቤልያዬቭና ሊዮኖቭ ከጠፈር ሲመለሱ መንኮራኩራቸው አቅጣጫ ስቶ በኡራል ጫካ በረዶ ውስጥ ወደቀ። ሊዮኖቭ በሰው ልጅ ታሪክ የመጀመሪያውን የጠፈር የእግር ጉዞ ያደረገው በዚያው በረራ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ተኩላና ድብ በሚኖርበት ጫካ ሁለት ሌሊት አሳለፉ። ሶቪየቶች ከ1986 ጀምሮ ለጠፈርተኞቻቸው ባለ ሦስት አፈሙዝ ሽጉጥ ሰጡ፤ ተነቃይ ሰደፉ ራሱ ቆንጨራ ነበር። እዚያም ላይ መነጽር የለም። ከጠፈር የተመለሰ ሰው እግሩ እንኳ በቅጡ አይታዘዝለትም፤ የዓይኑን ርቀት የሚለካበት ትዕግሥት ከየት ያመጣል?

ነገሩ ያረጀ ታሪክ ከመሰላችሁ የአሜሪካ አየር ኃይል በቅርቡ ያደረገውን ተመልከቱ። ከ2018 ወዲህ በተዋጊ አውሮፕላን መቀመጫ ሥር የሚታሸግ ጠመንጃ አዘጋጀ፤ አፈሙዙ ይነቀላል፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይገጠማል። የእግረኛ ወታደር ሁሉ መነጽር በሚይዝበት በዚህ ዘመን የአብራሪው ጠመንጃ ታጣፊ የብረት ማነጣጠሪያ ይዞ ወጣ። ሳጥኑ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ብቻ ነውና።

እንግዲህ «ብረት ምንጊዜም ይበልጣል» ብዬ ልዘጋው ነበር። አንድ ነገር ግን ከለከለኝ። ያ ሁሉ ምርጫ የተደረገው ለአብራሪ ነው። አብራሪ ደግሞ ዓይኑ ተመርምሮ የተመለመለ ሰው ነው! ዛሬ ኤአር-7ን ገዝቶ ጀልባው ውስጥ የሚያስቀምጠው ስልሳ ዓመት የሞላው አሜሪካዊ የፊቷን ጉብታ አጥርቶ አያያትም። ለእሱ መስታወት ቅንጦት አይደለም። በ1975 አይምፖይንት የተባለው የስዊድን ኩባንያ ያወጣው ዓይነት ቀይ ነጥብ ለእንዲህ ያለው ዓይን ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነጥቧና ዒላማው በአንድ ርቀት ያሉ ያህል ይታያሉ። ዋጋው ባትሪ ነው። ሄንሪ የተባለው ኩባንያ ዛሬ የሚሠራው ኤአር-7 መነጽር መቀበያ ቦይ አለው፤ ነገር ግን መነጽሩ እንደተጫነ ጠመንጃው ሰደፉ ውስጥ አይገባም። ወይ ዓይን፣ ወይ ሰደፍ!

የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። የክፉ ቀን ዕቃ የሚመረጠው በደህና ቀን፣ በሞቀ ክፍል፣ በጠገበ ሰው ነው። የሚጠቀምበት ግን ሌላ ሰው ነው፦ የበረደው፣ የራበው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ። ጀርመኑም አሜሪካዊውም መሐንዲስ የተሳካለት ያንን ሰው ከፊቱ አስቀምጦ ሲያስብ ነው። ቦንድ ያን መነጽር መሸከም የቻለው ደራሲው በልቶና ተኝቶ እንዲተኩስ ስለፈቀደለት ነው። እኛ ደራሲ የለንም።