ፊደል ብቻውን አይናገርም

እስቲ መካነ ኢየሱስ ያለ ተማሪ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» በል በሉት፤ ሦስቱንም በአንድ ድምፅ ይላቸዋል። የእስቴው ብቻ አይደለም፤ ጎጃሜውም መንዜውም እንዲሁ ነው። የ«ሐ»ን የጉሮሮ ድምፅ ትግርኛ ይዞታል፤ እኛ ጥለነው መልኩ ብቻ ቀርቶልናል።

ከጎንደር ምዕራብ፣ በጭልጋ በኩል ደግሞ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ቅማንትኛ አለ። አማርኛ የሌለው፣ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለው፤ ለዚህ የአገው ድምፅ ከ«ገ» ላይ «ጘ» ተቀርጾለታል። ግን ማን ይናገረው? በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ቅማንት ነኝ ካለው 172,000 ያህል ሰው አፉን በቋንቋው የፈታው ከ2,000 በታች ነበር። ዘመዱ አዊኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ልጆች ይማሩበታል። ወገኖቼ፣ ፊደል ትዝታ ያቆያል፤ ድምፅን የሚያቆየው ግን ከአያቱ ሰምቶ መልሶ የሚናገር ልጅ ነው።