የቴሌኮም ፈቃድ ምን ይፈቅዳል፣ ምን አይፈቅድም?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱን ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ቤታችን ጣሪያ ላይ የኔትወርክ ታወር ሊተክሉ መጥተዋል። ፈቃድ አለን እያሉ ነው። እምቢ ማለት እንችላለን ወይ?»

መልሱ አጭር ነው፤ ትችላላችሁ። ግን «ፈቃድ አለን» የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው ስለምታስፈራ ነገሩን ከሥሩ እናየዋለን።

በአገራችን ቴሌኮም ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር። ሕጉን የሚያስፈጽመውም፣ አገልግሎቱን የሚሸጠውም መንግሥት ስለነበር «የፈቃዱ ወሰን የት ድረስ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። ይሄ የተቀየረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ነው። አዋጁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ፈቃድ የመስጠት፣ የመቆጣጠር፣ ጥፋት ሲገኝም የማገድና የመሰረዝ ሥልጣን ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮምም ራሱ ባለፈቃድ እንጂ ሕግ አውጪ አይደለም።

ፈቃድ ምን እንደሆነ በደንብ የሚያሳየን የ2013ቱ ጨረታ ነው። መንግሥት ሁለት ፈቃድ ለገበያ አቀረበ፣ ሁለት ተወዳዳሪ መጣ። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤምቲኤን ደግሞ 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ። ግንቦት ላይ የመጀመሪያው አሸናፊ ተባለ፣ የኤምቲኤን ዋጋ አነሰ ተብሎ ሁለተኛው ፈቃድ ሳይሰጥ ቀረ። ያን ያህል ገንዘብ የከፈለ ድርጅት ሁሉን ነገር የገዛ ይመስላል አይደል? አልገዛም። የሞባይል ገንዘብ በፈቃዱ ውስጥ አልነበረም። ታወር ተክለው ለኦፕሬተሮች የሚያከራዩ ሦስተኛ ወገን ኩባንያዎችም አልተፈቀዱም፤ ኦፕሬተሩ ወይ ራሱ ይገነባል ወይ ከኢትዮ ቴሌኮም ይከራያል ነው የተባለው።

ስለዚህ ሳፋሪኮም መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ማስደወል ይችል ነበር፣ ገንዘብ ማስተላለፍ ግን አይችልም። ቴሌብር ያኔ ሥራ ከጀመረ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ኤምፔሳ እንዲመጣ መጀመሪያ የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጁ መሻሻል ነበረበት፤ ከዚያ ከብሔራዊ ባንክ ሌላ ፈቃድ፣ ለእሱም ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር። ሥራ የጀመረው ነሐሴ 2015 ነው። በአንድ ፈቃድ ውስጥ በግልጽ ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው፣ የከፈልከው ብር ምንም ያህል ይሁን።

ፈቃዱ ጊዜም አለው። የሳፋሪኮም ለ15 ዓመት ነው፣ ሊታደስ ይችላል። የሬዲዮ ሞገዱ (ፍሪኩዌንሲ የምንለው) የሕዝብ ሀብት ስለሆነ ኦፕሬተሩ ይጠቀምበታል እንጂ የራሱ አያደርገውም። ፈቃዱንም ያለ ባለሥልጣኑ ይሁንታ ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። 07 እና 09 የሚባሉት መነሻ ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ለኦፕሬተር ተመድበዋል፣ አልተሸጡም። እግረ መንገዴን፦ በ2017 መጀመሪያ የኢትዮ ቴሌኮምን አክሲዮን በ300 ብር የገዛችሁ ሰዎች የኩባንያው ባለድርሻ ናችሁ፤ የፈቃዱና የሞገዱ ባለድርሻ ግን አይደላችሁም።

ከግዴታዎቹ ለተራው ደንበኛ ዋናው ማገናኘት ነው። ከ07 ወደ 09 ስትደውሉ የሚነሳላችሁ ኩባንያዎቹ ስለሚዋደዱ አይደለም። ሕጉ ባለፈቃዶች ኔትወርካቸውን እንዲያያይዙ ያስገድዳል፣ ሒሳቡን ይዋዋላሉ፣ ካልተስማሙ ባለሥልጣኑ ይገባል። ይሄ ባይኖር ኖሮ ትልቁ ኩባንያ ምንም ሳይለፋ አዲሱን ይገድለው ነበር፤ ማንም ጓደኞቹ ጋ የማይደውል ሲም አይገዛምና። መሠረተ ልማት መጋራትም በሕጉ አለ። አንድ ሰፈር ላይ ሁለት ታወር ጎን ለጎን ቆሞ ማየት ለኔ ብክነት ነው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ብረት ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንመለስ። የኦፕሬተሩ ፈቃድ በኦፕሬተሩና በባለሥልጣኑ መካከል ያለ ነገር ነው፤ የእናንተን በር አይከፍትም። ጣሪያችሁ ላይ ወይም ግቢያችሁ ውስጥ የሚተከል ታወር የሚገባው በኪራይ ውል ብቻ ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ሥርዓት አለ፣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011። እሱን ግን የሚወስነው የመንግሥት አስተዳደር ነው፣ ካሳም አለው፤ የኩባንያ ሠራተኛ በር ላይ መጥቶ የሚያውጀው ነገር አይደለም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ጣሪያው የጋራ ነው። የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ወይም የማኅበሩ ሰብሳቢ ብቻውን ፈርሞ ሊያከራየው አይችልም፣ ኪራዩም የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ አይገባም።

ልትዋዋሉ ከሆነ ከኪራዩ ብር በፊት እነዚህን ጠይቁ። ውሉን የሚፈርመው ኦፕሬተሩ ራሱ ነው ወይስ ተቋራጭ? ቆጣሪው በማን ስም ነው? ጄኔሬተር ይኖራል፣ ሌሊትስ ይነሳል? ጣሪያው ቢያፈስ ማን ያድሳል? ውሉ ሲያልቅ ብረቱን በስንት ቀን፣ በማን ወጪ ያነሱታል? ኩባንያው ታወሩን ለሌላ ኦፕሬተር ቢያጋራ ተጨማሪ ትከፈላላችሁ ወይ? የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፣ በኋላም በጣም ያናድዳል።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚመጣው ጥያቄ የዋይፋይ ነው። ቤት ያስገባችሁትን ኢንተርኔት ለጎረቤት በወር ክፍያ ማከፋፈል ቀላል ነገር ይመስላል፣ ሰፈር ውስጥም የተለመደ ነው። ግን ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት በ2004 በወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ የገንዘብ ቅጣትም አለው። አዋጁ ሲወጣ በዋናነት የታሰበው የውጭ ጥሪን በጓሮ የሚያስገቡትን፣ ዛሬ ሲም ቦክስ የምንላቸውን ዓይነት ሰዎች ነበር። አንቀጹ ግን ሰፊ ነው። በኔ አመለካከት ሲም ቦክስ የሚነግድንና ለሁለት ጎረቤት ዋይፋይ የሚያካፍልን ሰው በአንድ ዓይን ማየት ልክ አይደለም፤ ይሁንና እስኪስተካከል ድረስ በክፍያ ልትጀምሩት ያሰባችሁ መጀመሪያ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ጠይቁ።

ኢንተርኔት መቋረጥስ? እዚህ ላይ ፈቃዱ ደንበኛውን ብዙም አይጠብቀውም። በሰኔ 2012 ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ኦፕሬተሩ አንድ ብቻ ስለነበር ብዙዎቻችን ችግሩ ሞኖፖሊው ነው ብለን ነበር። በ2015 ክረምት አማራ ክልል ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ኦፕሬተሮቹ ሁለት ሆነው ነበር፣ ልዩነት አልመጣም። ባለፈቃድ «የመንግሥትን ትዕዛዝ አልቀበልም» ብሎ የሚቀጥልበት መንገድ በተግባር የለውም። የተጠለፈ ስልክ ወይም የተሰጠ የጥሪ ዝርዝር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል፣ ገደብ የሚደረገውም በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ ተቆጣጣሪነቱን የሰጠው ለዚሁ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ሲም ስታወጡ የሰጣችሁት የመታወቂያ ኮፒ የት እንደደረሰ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ቅሬታ ካላችሁ መጀመሪያ ወደ ኦፕሬተሩ ነው የምትሄዱት። በስልክ ብቻ አትተዉት፤ የቅሬታ ቁጥር ተቀበሉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ የተቆረጠባችሁን ሒሳብ ወይም ሳትጠቀሙበት የተቃጠለውን ጥቅል ስክሪንሾት ያዙ። መልስ ካጣችሁ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ይሄን ይዛችሁ ወደ ባለሥልጣኑ ሂዱ። ታወርን በተመለከተ ደግሞ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት የውሉን ኮፒ ወስዳችሁ ቤት አንብቡት፤ «ኮፒ አንሰጥም፣ እዚሁ ፈርሙ» የሚላችሁ ካለ አትፈርሙ።