ዓሣና አትክልት በአንድ ውኃ፦ አኳፖኒክስን በጓሮ ለመጀመር

አኳፖኒክስ ዓሣንና አትክልትን በአንድ ተዘዋዋሪ ውኃ የማልማት ዘዴ ነው። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ሰላጣና ቆስጣ ናይትሬቱን ተመግበው ውኃውን አጣርተው ይመልሳሉ።

የዓሣ ሳይንስ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በሚሰጥበት በአራት ኪሎ፣ ጓሮው ጠባብ ቢሆንም 1 ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር፣ በሬድ አሽ የተሞላ መደብና አነስተኛ ፓምፕ ለመነሻ ይበቃሉ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲለቅ 2 ቀን ያህል ክፍት ሆኖ ይቆያል። ባክቴሪያው እስኪራባ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈጅ በቅድሚያ ጥቂት ዓሣ ብቻ ይገባል፤ በኋላም ለዚህ ታንከር ከ20 ኪሎ ግራም ማለፍ አይመከርም።

ቀዳሚው ፈተና ብርድ ነው። ቆሮሶ ይበልጥ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ውኃ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ታንከሩን በፕላስቲክ ቤት ማኖር፣ አለዚያም ብርድ የሚችለውን ካርፕ መምረጥ ያሻል። እንደ ሸዋ ሮቢት ያሉ ቆላማ አካባቢዎች ለቆሮሶ የተሻሉ ናቸው።

ሁለተኛው ፈተና የመብራት መቋረጥ ነው። ፓምፑ ሲቆም ዓሣው ኦክስጅን አጥቶ በሰዓታት ውስጥ ሊያልቅ ስለሚችል፣ መጠባበቂያ ባትሪ ከዓሣው ቀድሞ ይገዛ። በአትክልቱም ላይ ፀረ ተባይ ኬሚካል አይረጭ፤ መርዙ ከቅጠሉ ወርዶ ዓሣውን ይገድላልና።