«ትንበያ» ወይስ «አዘረጋግ»፦ የዓለም ካርታ ታሪክና የቃላቱ ጣጣ

ከጥቂት ጊዜ በፊት የአንድ ጂኦግራፊ መጽሐፍ የትርጉም ረቂቅ ለምርመራ ደርሶን ነበር። በረቂቁ ውስጥ «የመርካቶር ትንበያ» የሚል ሐረግ ደጋግሞ ተጽፏል። ተርጓሚው በመዝገበ ቃላት ከተሰጡት ፍቺዎች አንዱን መውሰዱ ነው፤ ነገሩ ስለ ሕዝብ ቍጥር ወይም ስለ ሰብል ምርት ቢሆን ኖሮ ቃሉ ቦታውን ባገኘ ነበር። ስለ ካርታ ሲሆን ግን መርካቶርን ከነቢያት ይቈጥረዋል። ከሣቅ አልፈን እንድንመረምረው ያደረገን ሌላ ነው፤ ካርታ የአገሮችን መጠን እንዴት እንደሚለውጥ ለማስረዳት የተጻፈው ምዕራፍ በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ፈጽሞ የማይገባ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ቃል ከመምረጣችን በፊት ወደ ነገሩ ታሪክ መመለስ ግድ ሆነብን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የፍላንደር ተወላጅ የሆነው ጌራርዱስ መርካቶር ስመ ጥር የሆነውን የዓለም ካርታ በዱይስቡርግ ከተማ ያወጣው በ1569 ነው። በ18 ወረቀቶች የታተመው ይህ ካርታ ለመርከበኞች አገልግሎት የተዘጋጀ መሆኑን ከርእሱ ጀምሮ ይናገራል። የኮምፓሱን አቅጣጫ ሳይለውጥ የሚጓዝ መርከብ በሉላዊቱ ምድር ላይ የሚከተለው መሥመር ጠማማ ነው፤ መርከበኛው ግን በወረቀት ላይ በማስመሪያ የሚሰምረው ቀጥተኛ መሥመር ያስፈልገዋል። መርካቶር ይህን ለማግኘት ወደ ዋልታዎቹ እየተጠጋጉ የሚሄዱትን የኬንትሮስ መሥመሮች ትይዩ አደረጋቸው። በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የምድር ዙሪያ ከምድር ወገብ ዙሪያ ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ በካርታው ላይ ግን እኩል ርዝመት ስለ ተሰጠው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እጥፍ ተለጠጠ። ማዕዘን እንዳይበላሽም ከሰሜን ወደ ደቡብ በዚያው ልክ መለጠጥ ነበረበት። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ነውና፣ በዚያ ኬክሮስ ያለ አገር አራት እጥፍ ገዝፎ ይታያል። በ80 ዲግሪ ላይ ግዝፈቱ ከ30 እጥፍ ያልፋል፤ ዋልታው ራሱ ከቶ አይደረስበትም። የአሠራሩን ስሌት በሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በ1599 ያሳተመው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ራይት ነው።

ከዚህ ዕዳ ነፃ የሚወጣ ብልሃተኛ የለም። አገልግል በቆዳ የሚለብጥ ባለሙያ ይህን ከሒሳብ ሊቃውንት አስቀድሞ ያውቃል፤ ዝርጉ ቆዳ በክቡ ክዳን ላይ እንዲያርፍ ካስፈለገ ወይ ይቀደዳል፣ ወይ ይለጠጣል፣ ወይ ይጨማደዳል። ጀርመናዊው ጋውስ በ1827 በጻፈው ጥናት የዚህኑ ምክንያት በሒሳብ አጸናው።

እንግዲህ መርካቶር ለታለመለት ሥራ ታማኝ ነበር። ጣጣው የመጣው ካርታው ከመርከብ ወርዶ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ነው። እኛም በተማሪነታችን ግሪንላንድን ከአፍሪካ ጋር እኩል አድርገን እያየን አድገናል፤ አፍሪካ 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ግሪንላንድ ደግሞ 2.2 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ወደ ራሳችን እንቅረብና፣ ስዊድን 450 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ የኢትዮጵያን እኩሌታ አትሞላም። ኢትዮጵያ ግን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ኬክሮስ ውስጥ ስላለች ካርታው እምብዛም አይለጥጣትም፤ ስዊድን ከአራት እጥፍ በላይ ተለጥጣ እጥፏን አክላ ትታያለች።

ይህን ለማረም የተሞከረው ብዙ ነው። ስኮትላንዳዊው ቄስ ጄምስ ጎል በ1855 ስፋትን የሚጠብቅ ባለ አራት ማዕዘን ካርታ አቀረበ፤ የሰማው ግን ጥቂት ነበር። ጀርመናዊው የታሪክ ጸሐፊ አርኖ ፔተርስ ያንኑ የሚመስል ካርታ በ1973 አዲስ ግኝት አድርጎ ባወጀ ጊዜ ግን ዓለም ተሟገተበት። ብዙ የካርታ ሊቃውንት ተቈጡ፤ በእኛ አስተያየት ግማሹ ቍጣ ተገቢ ነበር፤ በፔተርስ ካርታ በምድር ወገብ አጠገብ ያለ አገር ቁመቱ ከወርዱ አንጻር እጥፍ ይሳባልና። ክርክሩ ግን አልበረደም። በ2018 «እኩል ምድር» የሚባለው አዲስ ካርታ ወጣ፤ በ2025 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የመርካቶር ካርታ እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ ደገፈ። ጉዳዩ በአማርኛ መጻፉ አይቀርምና ቃሉን አሁን ማበጀት ይገባል።

አንዳንዶች ከላቲኑ የ«መወርወር» ሐሳብ ተነሥተው «የጥላ አጣጣል» ቢባል ይሻላል ብለውናል። ይህም ያሳስታል። የመርካቶር ካርታ በመብራት ጥላ የተጣለ ሳይሆን በስሌት የተሠራ ነው። እኛ የመረጥነው «አዘረጋግ» የሚለውን ነው፤ እንደ «አሠራር»ና «አነጋገር» በተለመደ ቅርጽ የወጣ ስለሆነ ሥራውን ብቻ እንጂ ሐሰተኛ ታሪክ አይነግርም። እንግዳ ቢመስልም ይለመዳል፤ በባሕረ ሐሳብ የዕለት 60ኛ እጅ የነበረው ኬክሮስ እንኳ ዛሬ የቦታ መለኪያ ሆኖ ኖሯል።

ከዚህ የከፋው «ስፋት» ነው። ቃሉ ወርድንም፣ ወርድ በቁመት ተባዝቶ የሚገኘውንም ይጠራል። ስለዚህ «እኩል ስፋት ያለው ካርታ» ብንል፣ ኬክሮሶቹን ሁሉ በአንድ ወርድ የዘረጋው የመርካቶር ካርታ ራሱ ስሙን ሊወስድ ይችላል፤ የታሰበውም ተቃራኒው ነበር። ደግነቱ ሕዝቡ «የአገሪቱ የቆዳ ስፋት» ማለትን አስቀድሞ ያውቃል። ስለሆነም የጎልንና የፔተርስን «ቆዳ ስፋት ጠባቂ አዘረጋግ»፣ የመርካቶርን «ማዕዘን ጠባቂ አዘረጋግ» ብለን ረቂቁን መልሰናል። «መልክ ጠባቂ» ያላልነው መርካቶር የትንሽ ደሴትን እንጂ የታላቅ አህጉርን መልክ ስለማይጠብቅ ነው።

የቀረን በ1963 እንደ ተሠራው የሮቢንሰን ካርታ ሁለቱንም ሳይጠብቁ ሁለቱንም በመጠኑ የሚያቻችሉት ናቸው። ለጊዜው «አቻቻይ» ብለናቸዋል፤ ቃሉ ግን ጠበኞችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ስለሚመስል አልረካንም። የተሻለ ያለው አንባቢ ቢጽፍልን ደስ ይለናል።