«ቶፓዝ»፦ ቀውሱን ያላየው የስለላ ፊልም

አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1969 «ቶፓዝ»ን ሲያወጣ፣ ስለ ስለላ ፊልም ሊማረው የቀረ ነገር ያለ አይመስልም ነበር። «ኖቶሪየስ»ንና «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት»ን የሠራ ሰው ነው። መነሻው የሊዮን ዩሪስ ልብ ወለድ፣ የታሪኩ ዳራ ደግሞ የ1962ቱ የኩባ ሚሳኤል ቀውስ ነው። ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ ማግኘት ይከብዳል። ፊልሙ ግን አሰልቺ ነው፤ ይህን የምለው ሂችኮክን እየወደድሁ ነው።

የተለመደው ወቀሳ ይታወቃል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፈረንሳዊው ሰላይ ዴቬሮ ነው፤ ፍሬድሪክ ስታፎርድ ሲጫወተው ፊቱ ላይ አንዳች ስሜት አይነበብም። ፍጻሜውም ሦስት ጊዜ ተቀርጿል፦ አንዱ በስታዲየም ውስጥ የሚደረግ ፍልሚያ፣ አንዱ የአውሮፕላን ማረፊያ ስንብት፣ አንዱ ራስን ማጥፋት። መጨረሻውን መምረጥ ያቃተው ፊልም ምን ሊል እንደፈለገ አለማወቁን ይናገራል።

ለእኔ ግን ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። «ቶፓዝ» መረጃን እንደ ዕቃ ይቆጥረዋል፤ በአንድ ቦርሳ ውስጥ የተቆለፈ፣ ፎቶግራፍ የሚነሣ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዕቃ። ሰነዱ ከተገኘ እውነቱም ተገኘ ማለት ነው። የ1962 ታሪክ የሚያሳየን የዚህን ተቃራኒ ነው።

በዚያ በጋ ከኩባ የሚወጣ ወሬ እጥረት አልነበረም፤ ስደተኞች በየቀኑ አዲስ ነገር ይናገሩ ነበር። የጠፋው ወሬውን የሚመዝን ሚዛን ነው። የሲ.አይ.ኤ. ዳይሬክተር ጆን ማኮን ከኦገስት ጀምሮ ጥርጣሬያቸውን ያሰሙ ነበር፤ በደሴቲቱ ላይ የተተከሉት ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤሎች የሚጠብቁት አንድ ውድ ነገር መኖር አለበት ብለው ነበር ያሰሉት። የራሳቸው ተንታኞች ግን አልተቀበሏቸውም። ሴፕቴምበር 19 ቀን የወጣው ይፋ ግምገማ ሞስኮ እንዲህ ያለ አደጋ ውስጥ አትገባም ሲል ደመደመ። ሁለቱም ወገኖች የተመለከቱት አንድ ዓይነት ማስረጃ ነበር፤ የለያቸው ስለ ክሩሽቼቭ ምርጫ የነበራቸው ቀድሞ የያዙት እምነት ነው። ኦክቶበር 14 ቀን የዩ-2 አውሮፕላን ያነሣው ፎቶግራፍ ክርክሩን ዘጋ። እንዲያም ሆኖ ብዙው ተሰውሮ ነበር፤ በደሴቲቱ የነበረው የሶቪየት ጦር 40 ሺህ ያህል ሲሆን፣ በወቅቱ ዋሽንግተን የገመተችው የዚያን ሩብ ገደማ ነበር። ታክቲካዊ የኑክሌር ጦር መሣሪያም እዚያው መኖሩ በይፋ የተነገረው በ1992 ነው።

ይህ ሁሉ ለድራማ የማይመች ነው የሚል ይኖራል። አልስማማም። እንዲያውም የፊልሙ ጉዳይ ስለሆነው የፈረንሳይና የአሜሪካ መተማመን ታሪኩ ራሱ የሚያስደንቅ ትዕይንት ሰጥቶት ነበር። ኬኔዲ ዲን አቺሰንን ፎቶግራፎቹን አስይዘው ወደ ፓሪስ ላኩ። እንደሚተረከው ደ ጎል ማስረጃውን ከማየታቸው በፊት ድጋፋቸውን ሰጡ፤ ፎቶግራፎቹን የተመለከቱት ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካን በማመን የማይታሙ ሰው ናቸው! ያ ቅጽበት ስለ ኅብረት አገሮች ከ«ቶፓዝ» የፓሪስ ክፍል በሙሉ የበለጠ ይነግረናል። ፊልሙ ግን በዚያ ፈንታ የፍቅር ቅናትና የምሳ ግብዣ ላይ ይባክናል።

ያም ሆኖ ሁለት ትዕይንቶች የጌታውን እጅ ያሳያሉ። በሃርለም ቴሬዛ ሆቴል፣ ሮስኮ ሊ ብራውን የሚጫወተው አበባ ነጋዴ ከአንድ ኩባዊ ጋር ሲደራደር ከመንገዱ ማዶ ሆነን በመስታወት እናያለን፤ የሚባባሉትን አንሰማም። የሚተማመኑና የማይተማመኑ ሰዎችን በእጃቸው እንቅስቃሴ ብቻ እየገመትን ለመለየት እንገደዳለን፤ ማኮንና ተንታኞቻቸው የነበሩበት ቦታ በትክክል ይህ ነው። በሃቫና ደግሞ ሁዋኒታ ስትገደል ካሜራው ከላይ ሆኖ ሐምራዊ ቀሚሷ ወለሉ ላይ ሲዘረጋ ያሳያል።

ፊልሙን ያላያችሁ እስከዚያ ድረስ እዩት። ዴቬሮ ወደ ፓሪስ ከተመለሰ በኋላ ቢዘጋ የሚቀርባችሁ ነገር ጥቂት ነው።